ያውቁ ኖሯል? ቀኝ እግር ሽባ ሲሆን ሕመም የማይሰማው ግራው ነው

ህብለ ሰረሰር በአንድ ጎኑ ብቻ ሲቆረጥ፣ ለምሳሌ በጩቤ ወይም በጥይት፣ ጉዳቱ በሁለቱ የሰውነት ጎኖች ላይ በተለያየ መልክ ይወጣል። ቁስሉ በቀኝ ከሆነ ከዚያ በታች ያለው ቀኝ አካል መንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ ንዝረትም አይለይም። ግራው እግር እንደ ልቡ ይራመዳል፣ ነገር ግን በመርፌ ቢወጋ ወይም በረዶ ቢነካው አይሰማውም።

ምክንያቱ የነርቭ መስመሮቹ የሚሻገሩበት ቦታ ነው። የሕመምና የሙቀት መስመር ህብለ ሰረሰር ውስጥ በገባበት አካባቢ ወደ ተቃራኒው ጎን ያልፋል። የእንቅስቃሴና የንዝረት መስመሮች ግን የሚሻገሩት ሽቅብ፣ የአንጎል ግንድ ላይ ነው። ይህን የመረመረው እ.ኤ.አ. በ1817 በሞሪሸስ ፖርት ሉዊስ የተወለደው ሐኪም ሻርል-ኤድዋርድ ብራውን-ሴካር ሲሆን፣ ሲንድሮሙም በስሙ ይጠራል። ልክ እንደ መማሪያ መጽሐፉ በትክክል ግማሹ ብቻ የተቆረጠ ሕመምተኛ ብርቅ ነው። ደግነቱ አብዛኞቹ መልሰው ይራመዳሉ።

በአረጋውያን ዘንድ የሚበዛው ሌላ ዓይነት የህብለ ሰረሰር ጉዳት ነው። በአንገት አጥንቱ ውስጥ ያለው የህብለ ሰረሰር ቦይ በዕድሜ የጠበበበት ሰው በግንባሩ ወድቆ አንገቱ ወደ ኋላ ሲቀለበስ የህብለ ሰረሰሩ መሃል ይጎዳል፤ ያኔ ከእግር ይልቅ እጅ ይደክማል። መራመድ የሚችል ሰው ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል።

በህብለ ሰረሰሩ ፊት ለፊት በኩል ያለው የደም ሥር ሲዘጋ ደግሞ እንቅስቃሴና ሕመም ይጠፋሉ፣ የንዝረት ስሜት ይቀራል። የማገገም ተስፋው ከሦስቱ ሁሉ ያነሰው ይኸኛው ነው።