ማጉያው የሌለውን ኔትወርክ አይፈጥርም
የስልክ አንቴና ለመግዛት ለሚያስቡ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች

ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ የሚገኘው የባሶ ሊበን ወረዳ፣ ርእሰ ከተማው ይጁቤ ሲሆን፣ መሬቱ ከፍ ካለው ሜዳ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ያዘቀዝቃል። እንዲህ ባለው አገር አንዱ ገበሬ ጉብታ ላይ ቆሞ ከአዲስ አበባ ጋር ሲነጋገር፣ ከገደሉ ሥር ያለው ጎረቤቱ ስልኩን አንሥቶ «ኔትወርክ የለም» ይላል። የሞባይል ሞገድ ከማማው ተነሥቶ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ተራራና ገደል ይጋርደዋል፤ የቆርቆሮ ጣሪያም ያዳክመዋል።

እንደሚታወቀው ስልክ ዛሬ ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ገበሬው የእህል ዋጋ ይጠይቅበታል፤ በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ8028 መስመር ለእርሻ ምክር የተዘረጋ ነው፤ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህም በቴሌብር ገንዘብ ይላክበታል። ከሁሉም በላይ ምጥ ለጠናባት እናት አምቡላንስ የሚጠራው በዚሁ ነው። ስለዚህ ማኅበራት ማጉያ ለመግዛት ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን የሚወጣው ገንዘብ የአባላት በመሆኑ፣ አስቀድሞ መመርመር የመሪዎች ኃላፊነት ነው።

ማጉያ ምን ይሠራል?

መሣሪያው ሦስት ክፍሎች አሉት። እነዚህም ከውጭ ሞገዱን የሚቀበል አንቴና፣ የተቀበለውን የሚያጎላ ማጉያና በቤት ወይም በመኪና ውስጥ ለስልኩ የሚያደርስ ትንሽ አንቴና ናቸው። በአሜሪካ በቤት መኪና ከአገር አገር የሚዞሩ ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ማጉያው ደካማውን ያበረታል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። ማማው ካልሠራ ማጉያውም አይሠራም። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ማንኛውም ማጉያ ሊመልሰው የሚችል አልነበረም።

ከመግዛት በፊት መለካት

በመጀመሪያ አንድ ሰው ስልክ ይዞ በግቢው ዙሪያ፣ ከዚያም በመሰላል ወደ ጣሪያው ከፍታ ይውጣ። የኢትዮ ቴሌኮምንና የሳፋሪኮምን ሲም እየለዋወጠ ይሞክር። ዘመናዊ ስልኮች የሞገዱን ኃይል ከዜሮ በታች በሆነ ቁጥር ያሳያሉ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች 70 ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከዜሮ በታች 110 ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው። የ10 ልዩነት የኃይሉ 10 እጥፍ ልዩነት መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። ከፍ ባለው ቦታ ላይ ጥቂት እንኳ ከተገኘ አንቴና ይረዳል፤ በየትም ምንም ካልተገኘ ግን ገንዘቡን ማዳን ይሻላል። ያን ጊዜ መፍትሔው በጋራ ሆኖ ማማ እንዲተከል ለድርጅቶቹ በጽሑፍ ማመልከት ነው።

ለቢሮና ለመኪና አንድ ዓይነት አይሆንም

ከቦታው ለማይነቃነቅ የማኅበር ቢሮ ወይም መጋዘን፣ ወደ አንድ ማማ የሚነጣጠር አንቴና ይመረጣል። ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚቀበል ከሩቅ ይስባል። ለማኅበሩ የጭነት መኪና ግን መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ማማው ስለሚዞርበት ከሁሉም አቅጣጫ የሚቀበል ያስፈልጋል። ገመዱ በረዘመ መጠን ሞገዱ በመንገድ ስለሚባክን በተቻለ መጠን አጭር ይሁን።

ሞገዱም መስማማት አለበት። በአሜሪካ ያለ ዘመድ የሚልከው መሣሪያ ለ850 እና ለ1900 ሜጋ ኸርዝ የተሠራ ከሆነ፣ በ900፣ በ1800 እና በ2100 ለሚሠራው የእኛ አገር መስመር አያገለግልም። ሻጩን «በየትኛው ሜጋ ኸርዝ ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጥንቃቄ

የውስጡና የውጩ አንቴና ከተቀራረቡ፣ በስብሰባ ላይ ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ እንደሚጮኸው ሁሉ፣ መሣሪያው በራሱ ድምፅ ይታወካል፤ የጎረቤቱንም ስልክ ያውካል። አሜሪካ በ2005 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ የመኪና ማጉያ ኃይል ከ50 ዴሲቤል እንዳይበልጥ የወሰነችው ማማዎች እንዳይታወኩ ነው። በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የመገናኛ መሣሪያዎችን ስለሚቆጣጠር፣ መሣሪያው የተፈቀደ መሆኑን ሳያረጋግጡ መግዛት ገንዘብንም መሣሪያንም ለማጣት ያጋልጣል።

መብራት በሌለበት ቀበሌ በ12 ቮልት ባትሪና በፀሐይ ኃይል የሚሠራውን መምረጥ ይገባል። የክረምቱ መብረቅም አይዘንጋ፤ ከፍ ብሎ የተተከለ ምሰሶ ወደ መሬት የሚወርድ ወፍራም ሽቦ ካልተበጀለት፣ ለስልክ የተከልነው ለአደጋ ይሆናል።

በመሆኑም መሪዎች የልኬታውን ውጤት፣ ዋጋውንና የመሣሪያውን ዓይነት በጽሑፍ አዘጋጅተው ለጠቅላላ ጉባኤ ቢያቀርቡ፣ ቢቻልም ሻጩ ከክፍያ በፊት በቦታው ገጥሞ እንዲያሳይ ቢያስገድዱ፣ የአባላቱ ገንዘብ በከንቱ ከመባከን ይድናል።