«ሊንት» ለተባለው ቃል የአማርኛ አቻ ስለ መምረጥ

በኮምፒዩተር ሙያ «ሊንት» የሚለው ስም የታወቀው ስቴፈን ጆንሰን በቤል ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1978 ባቀረበው መሣሪያ ነው። የቃሉ ጥሬ ፍቺ ከጨርቅ የሚረግፍ ብናኝ ሲሆን፣ መሣሪያው በሲ ቋንቋ የተጻፈን ፕሮግራም ሳያሠራ አንብቦ አጠራጣሪውን አጻጻፍ ያመለክታል። ኒኮላስ ዛካስ እ.ኤ.አ. በ2013 ለጃቫስክሪፕት የጀመረው ኢኤስሊንትም ስሙን ከዚሁ ወርሷል።

ለመሣሪያው «አራሚ» ወይም «አረጋጋጭ» የሚሉ አቻዎች ሊታሰቡ ይችላሉ። ይሁን እንጂ አራሚ አረሙን ከሰብሉ ለይቶ የሚነቅል ነው፤ አረጋጋጭም እውነቱን የሚመሰክር ነው። ሁለቱም ከመሣሪያው ዐቅም በላይ ተስፋ ይሰጣሉ።

ምሳሌ እንጥቀስ። ጄስት በተባለው መሣሪያ ለሚካሄዱ የፕሮግራም ፈተናዎች «ኤክስፔክት-ኤክስፔክት» የሚባል ደንብ አለ። ደንቡ በፈተናው ውስጥ «ኤክስፔክት» የሚል የማረጋገጫ ትእዛዝ መጻፉን ይመለከታል፤ ከሌለ ያስጠነቅቃል። ትእዛዙ ስሕተት ሲደርስ ብቻ በሚሠራ ክፍል ውስጥ ተጽፎ ስሕተቱ ያልደረሰ እንደሆነ ግን፣ ምንም ሳይረጋገጥ ፈተናው «አለፈ» ይባላል። ደንቡም ቃሉን ስላገኘ ዝም ይላል። ይህን የሚከለክል ሌላ ደንብ ቢኖርም ችግሩ ከነሥሩ አይነቀልም፤ አንድ ትእዛዝ መፈጸም አለመፈጸሙን ለማናቸውም ፕሮግራም አስቀድሞ የሚወስን አጠቃላይ ዘዴ አለመኖሩ አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ካቀረበው ሥራ ይከተላልና።

በዚህ ምክንያት «ወንፊት» የሚለውን ቃል እንመርጣለን። ስንዴ የሚያሰናዳ ሰው የወንፊትን ዐቅም ያውቃል። ወንፊት የሚለየው በመጠን ነው፤ አፈሩንና ደቃቁን ያወርዳል። እንክርዳድ ግን በመጠን ከስንዴ ስለሚቀራረብ አብሮ ይቀራል፤ በእጅ ካልተለቀመም የበላውን ያዞራል።

ቃሉ ለርባታም ይመቻል፦ ነፋ፣ ተነፋ፣ መንፋት፣ የወንፊት ደንብ። «ነፋ» እስትንፋስንና መለከትንም ቢመለከት ዐውዱ ይለየዋል። ሰው በዐይኑ ለሚያደርገው ምርመራ ደግሞ «ለቀማ» ይስማማል።

እንግዲህ ተርጓሚው «ፕሮግራሙ ተነፍቷል» ቢል አንባቢው ለቀማ እንደሚቀር ይረዳል። «ተረጋግጧል» ቢል ግን እንክርዳዱን ከስንዴው ጋር ያስፈጨዋል።