አዲስ የእጅ ስልክ ለሚገዛ ሰው አብረው ስለሚገዙ ዕቃዎች

የስልክ ነገር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በሽቦ የሚነጋገሩበት ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1886 ዓ. ም. ገደማ ገብቷል። ያለ ሽቦ የሚሠራው የእጅ ስልክ ግን አገልግሎት የጀመረው በ1991 ዓ. ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስልክ ከባለጸጋ እጅ ወጥቶ ወደ ገበሬውም፥ ወደ እረኛውም እጅ ደረሰ። ዛሬ ከገሰራ ወደ ሮቤ ገበያ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስልክ ልግዛን ወይስ አልግዛ ብሎ አይደለም፤ የትኛውን ልግዛ፥ ከእርሱስ ጋር ምን ልጨምር ብሎ ነው። ይህንንም አስቀድሞ የሚያማክረው የቀበሌውን መምህር ወይም ማንበብ የሚያውቀውን ሽማግሌ ስለ ሆነ፥ እነዚህ ሰዎች ነገሩን አጥርተው ሊያውቁት ይገባል።

ገሰራ የስንዴና የገብስ አገር ነው። በባሌ ደጋ በበልግም በመኸርም ስለሚታረስ፥ ገንዘብ ወደ ቤት የሚገባው ምርት በተሸጠበት ወራት ነው፤ ስልክም የሚገዛው በዚያው ወራት ነው። ይኸው ገንዘብ ግን ማዳበሪያው፥ ምርጥ ዘሩ፥ የኮምባይነሩ ኪራይና የልጆቹ ደብተር ሁሉ የሚጠብቁት ገንዘብ ነው። ባለ ሱቁ ስልኩን ከሸጠ በኋላ «ይህም ያስፈልግሃል፥ ያለዚህማ ስልኩ ይበላሻል» እያለ አንድ በአንድ ሲጨምር፥ ገዢው ሳያስበው የአንድ ኩንታል ስንዴ ዋጋ በትርፍ ዕቃ ላይ ይወጣበታል። ከእነዚህም ዕቃዎች እኩሌቶቹ በእውነት የሚጠቅሙ፥ እኩሌቶቹ ግን በመሳቢያ ውስጥ ተረስተው የሚቀሩ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የገዢው ጉዳይ ስማርት ስልክ የሚያስፈልገው መሆኑ ይመርመር። በቴሌብር ገንዘብ ለመላክና ለመቀበል የግድ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ከግንቦት 2013 ዓ. ም. ጀምሮ በተከፈተው በዚህ አገልግሎት ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ ሰውም *127# ብሎ መጠቀም ይችላል። በ2006 ዓ. ም. ለገበሬዎች የተቋቋመው የ8028 የእርሻ ምክርም በድምፅ የሚሰማ ስለ ሆነ በማናቸውም ስልክ እንዲደመጥ ሆኖ ተሠርቷል። እንግዲህ ሥራው መነጋገርና ገንዘብ ማስተላለፍ ብቻ የሆነ ሰው፥ ይልቁንም መብራት በሌለበት መንደር የሚኖር ሰው፥ ባትሪው ብዙ ቀን የሚቆየውን ባለ ቁልፍ ስልክ ቢገዛ አላዋቂ አያሰኘውም። የተማሪ መጽሐፍ በስልክ ማንበብ፥ ፎቶግራፍ ማንሣት፥ በሩቅ አገር ካለ ልጅ ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ መነጋገር የሚፈልግ ግን ስማርት ስልክ ያስፈልገዋል።

ስማርት ስልክ ለመግዛት የቆረጠ ሰው አንድ ነገር ልብ ያድርግ። ከስልኩ ጋር ከሚመረጡት ነገሮች አንዳንዶቹ በስልኩ ሆድ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ኋላ ሊለወጡ አይችሉም። አንዳንዶቹ ግን ከውጭ የሚጨመሩ ስለ ሆኑ ዛሬ ባይገዙ በሚቀጥለው ዓመት ሊገዙ ይችላሉ። ስለዚህ ገንዘቡ ለሁሉ የማይበቃ ሲሆን (መቼስ ለማን በቅቶ ያውቃል) አስቀድሞ ለውስጡ ይከፈላል፤ የውጪው ይቆያል። ብዙ ገዢዎች የሚያደርጉት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ርካሹንና ጠባቡን ስልክ ይገዙና በቀረው ገንዘብ ያጌጡታል።

ከውስጡ ዋነኛው የማስቀመጫው ስፋት ነው፤ ይህም በጊጋባይት ይቈጠራል። 32 ጊጋባይት ተብሎ ከተሸጠው ስልክ ውስጥ ከ10 የሚበልጠው ለስልኩ ለራሱ ሥርዐት ሊያዝ ስለሚችል፥ ለባለቤቱ የሚቀረው በወራት ውስጥ በፎቶግራፍና በቪዲዮ ይሞላል። ስለዚህ 64 ያለው፥ አቅም ከተገኘም 128 ያለው ይሻላል። ከዚህ ሌላ ራም የሚባል አለ፤ እርሱ ዕቃ የሚቀመጥበት ጎተራ ሳይሆን ሥራ የሚሠራበት አውድማ ነው ቢባል ለገበሬ ይገባዋል። አውድማው ሲጠብ ስልኩ ይንቀራፈፋል። እዚህ ላይ አንድ ማታለያ የሚመስል ነገር አለና ይታወቅ፤ በአንዳንድ ካርቶን ላይ «8 ጊጋባይት ራም» ተብሎ በትልቁ ተጽፎ፥ ከሥሩ በትንሹ «4+4» ይላል። እውነተኛው ራም የመጀመሪያው 4 ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ከማስቀመጫው ተቈርሶ የሚበደር ስለ ሆነ እንደ እውነተኛው አይፈጥንም። ማንበብ የሚያውቅ ሰው ከገዢው ጋር ወደ ሱቅ አብሮ ቢሄድ የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

የሲም ካርድ ማስገቢያውም ይታይ። ከ2015 ዓ. ም. ወዲህ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሥራ ስለ ጀመረ፥ ሁለት ሲም መያዝ ለብዙ ሰው ይጠቅማል፤ የአንዱ ሞገድ በማይደርስበት የሌላው ይደርስ ይሆናልና። ነገር ግን በአንዳንድ ስልክ ሁለተኛው ማስገቢያ ለሲም ወይም ለሜሞሪ ካርድ የሚሆን አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን የገዛ ሰው ሁለተኛውን ሲም ያስገባ እንደ ሆነ ሜሞሪ ካርዱን አውጥቶ በኪሱ ሊይዝ ነው። ሦስት ቀዳዳ ያለውን መምረጥ ይሻላል።

ሬዲዮ ያለው መሆኑንም መጠየቅ መልካም ነው። በብዙ ስልክ ላይ የኤፍ ኤም ሬዲዮ የሚሠራው ሽቦ ያለው ኢርፎን ሲሰካ ብቻ ነው፤ ሽቦው እንደ አንቴና ሆኖ ሞገዱን ይስባልና። ስለዚህ ዋጋው አነስተኛ የሆነው ባለ ሽቦ ኢርፎን ለገጠር ሰው ሽቦ ከሌለውና ከተወደደው ይልቅ ይጠቅመዋል። ሽቦ የሌለው ደግሞ እርሱም በየጊዜው ቻርጅ መደረግ አለበት፤ መብራት ለስልኩ እንኳ ባልበቃበት ስፍራ ሌላ በላተኛ መጨመር ነው።

የመብራት ነገር ከተነሣ ዘንድ በዚህ ላይ ጥቂት መቈየት ያስፈልጋል፤ በባሌ ደጋ ስልክን የሚያስቸግረው ከሁሉ ይልቅ ይህ ነውና። የመልካ ዋከና ግድብ በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ ተሠርቶ እስከ 153 ሜጋ ዋት የሚደርስ ኀይል እንዲሰጥ ቢደረግም፥ ከመስመሩ የራቀ መንደር ብዙ ነው፤ መስመሩ በደረሰበትም ይቋረጣል። በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ባትሪውን ይበሉታል። አንደኛው የሞገዱ መድከም ነው። ሰው ከደጋው ሜዳ ወደ ዋቢ ሸበሌ ሸለቆ ሲወርድ ስልኩ ራቅ ካለው የስልክ ማማ ጋር ለመገናኘት ኀይሉን ጨምሮ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ማንም ሳይነካው ባትሪው ያልቃል። ሞገድ በሌለበት ቦታ ስልኩን በአውሮፕላን ምልክት ላይ ማድረግ፥ ወይም ማጥፋት፥ አንዳች ወጪ ሳይኖር ባትሪውን ያድናል። ሁለተኛው ብርድ ነው። በደጋ ሌሊት ባትሪ ኀይሉ ይቀንሳል፤ ጠዋት ሲሞቅ ይመለሳል። ስለዚህ ስልክ በመስኮት ሳይሆን ከልብስ ውስጥ ማደር አለበት፤ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ያደረውንም ጥቂት ሳይሞቅ ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ይጐዳዋል።

ለዚህ ሁሉ ፓወር ባንክ የሚባለው የኀይል ማከማቻ ይረዳል። ሆኖም ቁጥሩ ያሳስታል። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት ፓወር ባንክ 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ያለውን ስልክ ሁለት ጊዜ የሚሞላ ይመስላል፤ ግን አይሞላም። ኀይሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ በሙቀት መልክ ስለሚባክን፥ በተግባር አንድ ጊዜ ሙሉ ይሞላና ለሁለተኛው ግማሽ ለመድረስ እንኳ ያዳግተዋል። ይህም ቢሆን የታወቀ ሥራ የሠራውን ነው። 50,000 ተብሎ ተጽፎበት በመዳፍ ውስጥ የሚገባ፥ እንደ ላባም የሚቀል ቢገኝ ጽሑፉ ሐሰት መሆኑን ክብደቱ ይመሰክራል። ቤቱ ዘወትር መብራት ያለው ሰው ፓወር ባንክ ባይገዛ ይሻላል። መብራት ለሌለው ደግሞ የ10 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ ስልክን በጥሩ ፀሐይ በግማሽ ቀን ሊሞላ ይችላል፤ ደመናና ጉም በበዛበት ወራት ግን ቀኑን ሙሉ ውሎም ላይሞላ ይችላል። የፀሐይ ሰሌዳው ፀሐይ ላይ ይዋል፤ ስልኩ ግን ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ሁለቱን አብሮ ፀሐይ ላይ ማስጣት የተለመደ ስሕተት ሲሆን፥ ሙቀት ለባትሪ ከብርድ የባሰ ጠላት ነው።

ቻርጀሩ ከስልኩ ጋር በካርቶኑ ውስጥ መኖሩ ይረጋገጥ፤ አሁን አንዳንድ ስልክ ገመዱን ብቻ ይዞ ይመጣልና። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ. ም. ጀምሮ አዲስ ስልክ ሁሉ አንድ ዐይነት፥ ይኸውም ታይፕ ሲ የተባለውን ቀዳዳ እንዲይዝ በሕግ ተደንግጓል። በቤት ውስጥ ብዙ ስልክ ያለው ቤተ ሰብ ይህን ቀዳዳ ያለውን ቢመርጥ አንድ ገመድ ለሁሉ ይሆናል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኀይሉ አንዳንድ ጊዜ ከልክ በላይ ሆኖ ስለሚመጣ፥ መብራት በጠፋ ጊዜ ቻርጀሩን ነቅሎ፥ ተመልሶ ከጸና በኋላ መሰካት ይገባል። ይህ ልማድ ከማናቸውም ውድ መከላከያ ይልቅ ርካሽ ነው።

ከቨርና ስክሪኑን የሚሸፍነው መስተዋት ገንዘባቸው አይቈጭም። የተሰበረ ስክሪን ለማስለወጥ የሚጠየቀው ዋጋ አንዳንድ ጊዜ ከስልኩ እኩሌታ ይደርሳል፤ መስተዋቱ ግን ራሱ ተሰብሮ ስክሪኑን ያድናል። ከቨሩ ጠርዙ ከስክሪኑ ጥቂት ከፍ ያለ፥ ጎማ መሳይ የሆነው ይመረጥ፤ ያጌጠውና የሚያብረቀርቀው ሲወድቅ የሚያድነው ነገር የለም።

ሜሞሪ ካርድ ሲገዛ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በርካሽ የሚሸጥ 512 ጊጋባይት ካርድ በእውነቱ 8 ጊጋባይት ብቻ ሊይዝ ይችላል፤ ስልኩ ላይ ግን 512 ብሎ ይታያል። ከልኩ በላይ የገባው ፎቶግራፍ ስሙ ይኖራል እንጂ ሲከፈት አይገኝም። አንድ ቤተ ሰብ የሠርጉን ወይም የሟች አባቱን ምስል በእንዲህ ያለ ካርድ ላይ አስቀምጦ ቢያጣው በምን ይተካዋል? ስለዚህ መካከለኛ መጠን ያለውን ካርድ ከታመነ ሱቅ መግዛት፥ ከዚያም ሞልቶ የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ከፍቶ ማየት ያሻል።

ለመምህር በተለይ የሚጠቅም፥ ነገር ግን ባለ ሱቅ እምብዛም የማያነሣት አንዲት ትንሽ ዕቃ አለች፤ ኦቲጂ ትባላለች። ስልክን ከፍላሽ ዲስክ ጋር የምታገናኝ መሰኪያ ናት። ኢንተርኔት በማይደርስበት ትምህርት ቤት መምህሩ የተማሪውን መጽሐፍ በፍላሽ ከወረዳ ይዞ መጥቶ በስልኩ ሊያነብ፥ ለባልደረባውም ሊያካፍል ይችላል። ከእርሷ ቀጥሎ ትንሽ የብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ ይመጣል፤ የስልክ ድምፅ ለ50 ተማሪ አይደርስም፥ በማጉያ ግን የቋንቋ ትምህርቱ እስከ ኋላ ወንበር ይሰማል። ይህን ዕቃ መምህራን ገንዘብ አዋጥተው ለትምህርት ቤቱ አንድ ቢገዙ ይበቃል። ፎቶግራፍ ማንሻ ዱላ፥ የእጅ ሰዓትና የመሳሰለው ግን ለፈለገ ሰው ጌጥ ነው።

አንዳንድ ሱቅ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚጻፍበትን ኪቦርድ «ልጫንልህ» እያለ ገንዘብ ይቀበላል። ይህ በነጻ የሚገኝ ነገር ነው፤ የግዕዙ ፊደልም ቁቤውም በአንድ ኪቦርድ ላይ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። ልጆቹ በቁቤ የሚማሩ፥ ራሱ ግን በፊደል የተማረ አባት ሁለቱንም ይፈልጋልና ሲገዛ ያስጭን፤ ለዚህ ግን አይክፈል።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚላክ ስልክ የራሱ ጣጣ አለው። በአሜሪካ ከአንድ ኩባንያ ጋር በውል የተገዛ ስልክ ለዚያ ኩባንያ የተቈለፈ ሊሆን ስለሚችል፥ የኢትዮጵያን ሲም አይቀበልም። ከዚህም ሌላ ከ2015 ዓ. ም. መጀመሪያ አንሥቶ በአሜሪካ የተሸጠው አይፎን 14 የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ ጭራሽ የለውም። ስለዚህ ዘመድ ከመግዛቱ አስቀድሞ «ያልተቈለፈና የሲም ቀዳዳ ያለው ይሁን» ብሎ መላክ ያስፈልጋል፤ ስጦታን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ለሽማግሌ ቢያሳፍርም፥ የማይሠራ ስጦታ ከመቀበል ይሻላል። የአሜሪካ ቻርጀር ጥርሱ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ በኢትዮጵያ ሶኬት አይገባም፤ አዳፕተር ያስፈልገዋል። በላዩ 100–240 ተብሎ የተጻፈበት በኢትዮጵያው 220 ቮልት ሳይቃጠል ይሠራል፤ 120 ብቻ የሚል ግን ከቶ አይሰካ።

ሂሳብ ከመከፈሉ በፊት በሱቁ ውስጥ የሚደረግ ፈተና አለ። ስልኩ ላይ *#06# ሲጻፍ 15 አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር ይወጣል፤ ባለ ሁለት ሲም የሆነ እንደ ሆነ ሁለት ቁጥር ይወጣል። ይህ በካርቶኑ ላይ ከታተመው ጋር አንድ መሆን አለበት። አንድ ካልሆነ ስልኩና ካርቶኑ የተለያዩ ናቸው፤ ምናልባትም ስልኩ የሌላ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ የገዢው ሲም ገብቶ ይደወልበት፥ በካሜራው ይነሣበት፥ በቻርጀሩ ይሰካ። ደረሰኙ ላይ የመለያ ቁጥሩና የዋስትናው ዘመን እንዲጻፍ ይጠየቅ፤ ደረሰኙም ከካርቶኑ ጋር በቤት ይቀመጥ። ስልኩ የጠፋ ዕለት ለፖሊስ የሚነገረው ያ ቁጥር ነው።