ጦር ሜዳ፣ አውራሪስ እና ባህር በአንድ ጉዞ፦ ኳዙሉ-ናታልን ከቤተሰብ ጋር

ደቡብ አፍሪካ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ጆሃንስበርግ እና እዚያ ሱቅ ከፍቶ የሚሠራ ዘመድ ነው። ለመዝናናት ከሆነ ደግሞ ኬፕታውን። ዛሬ የምናወራችሁ ግን በምሥራቅ በኩል፣ ህንድ ውቅያኖስ ዳር ስላለው የኳዙሉ-ናታል ግዛት ነው። አንድ ቤተሰብ በአንድ ሳምንት ውስጥ ታሪካዊ ጦር ሜዳ አይቶ፣ አውራሪስ መኪናው አጠገብ ሲግጥ ተመልክቶ፣ መጨረሻ ላይ ባህር ገብቶ መመለስ የሚችልበት ቦታ ነው። ከደርባን ከተማ ተነስታችሁ ወደ ጦር ሜዳዎቹም ሆነ ወደ ዱር እንስሳቱ በመኪና ከ3 እስከ 4 ሰዓት ቢፈጅባችሁ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ቀን ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው ጦር ሜዳው ነው። «ልጆቹ ይሰለቻቸዋል፣ ሳርና ድንጋይ ነው» ይባላል። ታሪኩን ሳያውቁ ለሄዱ በርግጥም ሳርና ድንጋይ ነው። እኛ ግን ከሦስቱ አንዱ የግድ ይቀነስ ከተባለ ከባህሩ አንድ ቀን ቀንሱ እንላለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1878 እንግሊዞች ለዙሉ ንጉሥ ለሴትሽዋዮ «ሠራዊትህን በትን» የሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ላኩ። ንጉሡ እንደማይቀበሉት ያውቃሉ፤ የፈለጉትም ጦርነቱን ነው። ጃንዋሪ 11 ቀን 1879 ድንበሩን ተሻገሩ። አዛዡ ሎርድ ቼልምስፎርድ ኢሳንድልዋና ከሚባል ተራራ ሥር ሰፈረና ጃንዋሪ 22 ጠዋት የጦሩን ግማሽ ይዞ ዙሉዎችን ፍለጋ ወጣ። እነሱ ግን እሱ በሄደበት አልነበሩም። 20,000 ገደማ ተዋጊ ከካምፑ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ሸለቆ ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ተቀምጦ ነበር።

ዙሉዎች የሚዋጉት «የጎሽ ቀንድ» በሚባል አሰላለፍ ነው። መካከለኛው ጦር ደረት ሆኖ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ግራና ቀኙ እንደ ቀንድ ዞሮ ከኋላ ይዘጋል፣ ወገቡ ደግሞ በተጠባባቂነት ይቆያል። ለልጆች ይህን ሜዳው ላይ ቆማችሁ በእጃችሁ እያሳያችሁ ብትነግሯቸው ስልካቸውን ያስቀምጣሉ። በዚያች ቀን ጠመንጃና መድፍ ይዞ ካምፑ ከቀረው 1,700 ገደማ ጦር ከ1,300 በላይ ሞተ። ከዙሉ በኩልም ከ1,000 ያላነሰ ሰው እንደወደቀ ይገመታል። ዛሬ ሜዳው ላይ ተበታትነው የሚታዩት ነጭ የድንጋይ ክምሮች የእንግሊዝ ወታደሮች የተቀበሩባቸው ናቸው። ለዙሉዎቹ በጀግንነት ሐብል ቅርጽ የተሠራ የነሐስ ሐውልት የቆመው ግን በ1999 ነው። ከ120 ዓመት በኋላ ማለት ነው!

ከዓድዋ 17 ዓመት በፊት የሆነ ነገር ስለሆነ ማወዳደሩ አይቀርም። ልዩነቱ ድሉ ጦርነቱን አለመጨረሱ ነው። እንግሊዝ ተጨማሪ ጦር አስመጥታ ጁላይ 4 ቀን ኡሉንዲ ላይ አሸነፈች፤ ንጉሡም ተይዘው ወደ ኬፕታውን ተጋዙ።

ደሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያው በጃንዋሪ 22 ከሰዓት፣ ከኢሳንድልዋና 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው ሮርክስ ድሪፍት፣ 150 የሚሆኑ የእንግሊዝ ወገን ተዋጊዎች አንድ የሚስዮን ጣቢያ ሲከላከሉ አደሩ። ለዚህች ውጊያ 11 ቪክቶሪያ ክሮስ ሜዳሊያ ተሰጠ፣ በ1964 «ዙሉ» የሚባለው ፊልም ተሠራ። በዚህ የተነሳ ዓለም ከትልቁ ሽንፈት ይልቅ ትንሿን ድል ያውቃል። አስጎብኚ ስትይዙ «ኢሳንድልዋናንም ታሳየናለህ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከአካባቢው የዙሉ አስጎብኚ ካገኛችሁማ በጣም ጥሩ።

ቀን ከተረፋችሁ ንኮሜ ወንዝ ሂዱ። በ1838 ቦዌሮችና ዙሉዎች የተዋጉበት ነው። በአንዱ ዳር 64 የነሐስ ጋሪዎች የቆሙበት የቦዌሮቹ መታሰቢያ አለ፤ በሌላው ዳር የዙሉዎቹን ወገን የሚተርክ ሙዚየም። አንድ ውጊያ ሁለት ቦታ ይተረካል። በሐውልት ስንጨቃጨቅ ለምንውለው ለእኛ ሁለቱንም ማየቱ አይከፋም። የኳስ አፍቃሪ ካለ ደግሞ ስፒዮን ኮፕ የሚባለው ኮረብታም እዚያው ግዛት ነው። የሊቨርፑል «ኮፕ» ስሙን ያገኘው በ1900 ከተደረገው ከዚህ ውጊያ ነው።

ከጦር ሜዳው ወደ ምሥራቅ ስትወርዱ ህሉህሉዌ-ኢምፎሎዚ ፓርክ ይጠብቃችኋል። በ1895 የተከለለ፣ በአፍሪካ ካሉ አንጋፋ ጥብቅ ቦታዎች አንዱ ነው፤ ድሮ የዙሉ ነገሥታት ማደኛ ነበር። አንበሳ፣ ዝሆን፣ ጎሽ፣ ነብር አለ። ዋናው ግን ነጭ አውራሪስ ነው። የደቡቡ ነጭ አውራሪስ ሊጠፋ ተቃርቦ ከ100 ያነሱ ብቻ ሲቀሩ የተረፉት እዚህ ነው። በ1960ዎቹ ከዚህ እየተጫኑ ወደ ሌሎች ፓርኮች ተወሰዱ። አደጋው ግን አላለፈም፦ በ2023 በደቡብ አፍሪካ ከተገደሉት 499 አውራሪሶች 307ቱ የተገደሉት በዚህ ፓርክ ነው። በ2024 ጠባቂዎቹ አዳኞችን ለማምለጥ ቀንዳቸውን መቁረጥ ጀመሩ። ቀንድ እንደ ጥፍር ስለሆነ ተመልሶ ያድጋል። እና ቀንድ የሌለው አውራሪስ ብታዩ አትገረሙ። በራሳችሁ መኪና መዞር ይቻላል፤ ከመኪና መውረድ ግን ከተፈቀደው ቦታ ውጪ በፍጹም አይቻልም።

ባህሩን በተመለከተ፣ ደርባን ለዋና ይመቻል፣ ከ1952 ጀምሮም የሻርክ መረብ አለው። ሴንት ሉሺያ ግን ሌላ ዓለም ነው። ሐይቁ ውስጥ ጉማሬና አዞ አለ፤ ማታ ጉማሬዎች ከተማው መንገድ ላይ ይንሸራሸራሉ። ልጆቹን ይዛችሁ በጨለማ በእግር አትውጡ።

ጊዜውስ? የእኛ ክረምት የእነሱ ደረቅ ወቅት ነው። ሳሩ ስለሚያጥርና ውሃ ስለሚቀንስ እንስሳቱ በቀላሉ ይታያሉ፣ ደርባንም ያን ያህል አይበርድም። መኪና የምትከራዩ ከሆነ እዚያ የሚነዳው በግራ ነው፤ በምሽት ረጅም መንገድ ባትነዱ ይሻላል። ሰሜኑ ክፍል የወባ ስጋት ስላለው ሐኪም አማክሩ። በ2015 ደርባን ላይ በውጭ ዜጎች ላይ በደረሰው ጥቃት ኢትዮጵያውያንም ተጎድተዋል፤ ከመሄዳችሁ በፊት እዚያ ካለ ሰው ወቅታዊ ሁኔታውን አጣሩ። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ያስፈልጋል፤ ልጅ ይዞ የሚሄደው አንዱ ወላጅ ብቻ ከሆነ የሌላኛው የፈቃድ ደብዳቤ ሊጠየቅ ስለሚችል የልደት ሰርተፍኬቱን ጨምራችሁ ቀደም ብላችሁ አዘጋጁ።