ከስምምነት ወደ ተቋም፤ የሴሳሚ ታሪክና ትምህርቱ

መንግሥታት የትብብር ስምምነት ሲፈራረሙ ማየት የተለመደ ነው። ፊርማው ይፈረማል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ሰነዱም ብዙውን ጊዜ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ይቀራል። አልፎ አልፎ ግን ከእንዲህ ያለው ሰነድ የራሱ ሕንፃ፣ ሠራተኛ፣ በጀትና ደንብ ያለው የጋራ ተቋም ይወለዳል። ለመሆኑ በወረቀት የሰፈረን ቃል ወደ ሕያው ተቋም የሚለውጠው ምንድን ነው? ይህንን ጥያቄ በዮርዳኖስ በተቋቋመው ሴሳሚ በተባለው የምርምር ማዕከል ታሪክ አማካይነት እንመረምራለን። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሣሪያው ምንድን ነው?

ሴሳሚ የሲንክሮትሮን ብርሃን ማመንጫ ነው። ኤሌክትሮኖች አየር በተወገደለት ቱቦ ውስጥ እየተፋጠኑ ሲሄዱ ማግኔቶች መንገዳቸውን ያጎብጡታል። በከፍተኛ ፍጥነት የሚጓዝ ኤሌክትሮን አቅጣጫውን በለወጠ ቁጥር ጨረር ይረጫል። ይህ ጨረር ከታህተ ቀይ እስከ ኤክስሬይ የሚዘልቅ ሲሆን የፕሮቲንን ቅርጽ፣ የአፈርን ብክለት፣ የጥንታዊ ብራናን ቀለም ወይም የአዲስ ቁስ አካልን ውስጣዊ አሠራር ለመመርመር ያገለግላል።

የሴሳሚ ቀለበት ዙሪያው 133 ሜትር ሲሆን የኤሌክትሮኖቹ ጉልበት 2.5 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይደርሳል። ተማሪዎቻችን የአንስታይንን ቀመር ተጠቅመው ቢያሰሉ በዚህ ጉልበት የኤሌክትሮኑ ፍጥነት ከብርሃን ፍጥነት የሚያንሰው በሰከንድ 6 ሜትር ያህል ብቻ መሆኑን ያገኛሉ። አንዱ ኤሌክትሮን ቀለበቱን በሰከንድ ከ2 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው።

ሐሳቡ እንዴት ተጸነሰ?

በ1990ዎቹ መጨረሻ በበርሊን ይሠራ የነበረው ቤሲ አንድ የተባለ ሲንክሮትሮን ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። በ1997 አሜሪካዊው ኸርማን ዊኒክና ጀርመናዊው ጉስታቭ አዶልፍ ፎስ መሣሪያው ከሚጣል ይልቅ ለመካከለኛው ምሥራቅ ይሰጥ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሰርጂዮ ፉቢኒ ሐሳቡን ወደ ዩኔስኮ አደረሱት፤ የጀርመን መንግሥትም መሣሪያውን ለመለገስ ተስማማ። በ1999 በዩኔስኮ በተደረገ ስብሰባ ጊዜያዊ ምክር ቤት ተቋቋመ። ሊቀ መንበሩም ቀደም ሲል የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ድርጅት የሰርን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ኸርዊግ ሾፐር ነበሩ።

የሊቀ መንበሩ ማንነት ያለ ምክንያት አልተጠቀሰም። ሰርን ራሱ በጦርነት ሲዋጉ የነበሩ የአውሮፓ አገሮች በዩኔስኮ ጥላ ሥር ተሰባስበው በ1954 ያቋቋሙት የጋራ ቤት ነው። የሴሳሚም መተዳደሪያ ደንብ የተቀረጸው የሰርንን አርአያ ተከትሎ ነው።

ፊርማው ሥጋ ሲለብስ

የጋራ ተቋም ለመመሥረት ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው፤ የት ይሁን? ማን ይወስን? ማን ይክፈል? ለመጀመሪያው ጥያቄ በ2000 ዮርዳኖስ ተመረጠች፤ አላን በተባለው ሥፍራም መሬቱንና ሕንፃውን አቀረበች። ሁለተኛው የአባል አገሮች ተወካዮች በሚቀመጡበት ምክር ቤት ተመለሰ። አስፈላጊው የአባላት ቁጥር በመሟላቱም ተቋሙ በሚያዝያ 2004 በይፋ ሕልውና አገኘ። ቆጵሮስ፣ ግብፅ፣ ኢራን፣ እስራኤል፣ ዮርዳኖስ፣ ፓኪስታን፣ ፍልስጥኤምና ቱርክ በአባልነት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ከእነዚህ መካከል እርስ በርሳቸው ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የሌላቸው እንዳሉ አንባቢ ልብ ይሏል።

አስቸጋሪው ሦስተኛው ጥያቄ ነበር። የበርሊኑ መሣሪያ ጉልበት 0.8 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ በመሆኑ የሚፈለገውን ብርቱ ኤክስሬይ አይሰጥም። የማጎበጫው ሬዲየስ ካልተለወጠ የጨረሩ ብርታት ከኤሌክትሮኑ ጉልበት ኩብ ጋር ስለሚያድግ ጉልበቱን ወደ 2.5 ማሳደግ ብርታቱን 30 ጊዜ ያህል ያበዛዋል። ስለዚህ ምክር ቤቱ ዋናውን ቀለበት እንደ አዲስ ለመሥራት፣ የተለገሰውንም መሣሪያ የኤሌክትሮን መቀባያ አድርጎ ለመጠቀም ወሰነ። ውሳኔው ሳይንሳዊ ቢሆንም ብዙ ገንዘብ ጠየቀ። በ2012 ኢራን፣ እስራኤል፣ ዮርዳኖስና ቱርክ እያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ዶላር በፈቃደኝነት ለማዋጣት ተስማሙ፤ የአውሮፓ ኅብረትም ለማግኔቶቹ ሥራ በሰርን አማካይነት 5 ሚሊዮን ዩሮ ሰጠ። ከማግኔቶቹ የተወሰኑት በቆጵሮስና በፓኪስታን ተሠሩ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶቻችን አባባል እዚህ ላይ ቦታውን ያገኛል።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ2010 ከሴሳሚ ጋር ግንኙነት የነበራቸው ሁለት ኢራናውያን ምሁራን፣ ማሱድ አሊሞሐማዲና ማጂድ ሻህሪያሪ፣ በቴህራን በየተራ በቦምብ ተገደሉ። በታኅሣሥ 2013 የወረደው ከባድ በረዶ የሕንፃውን ጣሪያ አፈረሰው። ያም ሆኖ ጥር 2017 የመጀመሪያው የኤሌክትሮን ጨረር ቀለበቱን ዞረ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ማዕከሉ ተመረቀ። የኤሌክትሪክ ዋጋ ውድነት ሕልውናውን ስለተፈታተነው በ2019 የራሱን የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ተከለ።

ምን እንማራለን?

በእኛ አስተያየት ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ አባላቱን ያስተሳሰራቸው ወዳጅነት ሳይሆን ለብቻቸው ሊሸከሙት የከበዳቸው የጋራ ፍላጎት ነው፤ በፖለቲካ ባይስማሙም የማግኔቱ መስክ ስንት ቴስላ መሆን እንዳለበት ግን ይስማማሉ። ሁለተኛ፣ ስጦታ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ አባላቱ ከኪሳቸው ባያዋጡ ኖሮ የበርሊኑ መሣሪያ በሣጥን ውስጥ እንዳለ ይዝግ ነበር። ሦስተኛና ዋነኛው፣ ሰው ከመሣሪያው ቀደመ። ቀለበቱ ከመዞሩ ከአሥር ዓመታት በፊት ጀምሮ የክልሉ ወጣት ተመራማሪዎች በሌሎች አገሮች ማዕከላት ይሠለጥኑ ነበር። ስለዚህም በሩ ሲከፈት ተጠቃሚ ጠፍቶ አልተዘጋም።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ቅርብ ነው። በአፍሪካ ምድር እስካሁን አንድም የሲንክሮትሮን ማዕከል የለም። አኅጉሪቱ የራሷ ማመንጫ እንዲኖራት የሚጥሩ ሳይንቲስቶች ከ2015 ወዲህ በኅብረት እየተንቀሳቀሱ ነው። አንድ ቀን ስምምነቱ ቢፈረም አስተናጋጇ አገር የትኛዋም ትሁን፣ የኢትዮጵያ ድርሻ የሚለካው ባንዲራዋ በሕንፃው ፊት በመውለብለቡ አይደለም። የሚለካው የምርምር ሐሳብ ጽፎ፣ ናሙና አዘጋጅቶ፣ የጨረር ሰዓት ለማግኘት ከሌሎች ጋር ሊወዳደር በሚችል ተማሪ ብዛት ነው። የማክስዌል እኩልታዎችና የክሪስታል ጥናት ለፈተና ብቻ የሚጠኑ ከሆነ ቁጥሩ ያንሳል። መንግሥታት እስኪፈራረሙ ሳይጠበቅ ከዛሬ ጀምሮ በየመማሪያ ክፍላችንና በየቤተ ሙከራችን ሊሠራ የሚችለው የስምምነቱ ክፍል ይህ ነው።