ጭስ ይውጣ፣ ዝናብ አይግባ

ጭስ ከቤት መውጣት አለበት። ዝናብ ደግሞ ቤት መግባት የለበትም። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ አንድ ነው፤ እርሱም የጭስ ማውጫው ቀዳዳ ነው። ጭስ በሚወጣበት በኩል ዝናብ ይገባል። ስለዚህ ቀዳዳው ክዳን ያስፈልገዋል።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። የሣር ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ጉልላትን ያውቃል። ሣሩ ተሰብስቦ በሚታሰርበት ጫፍ ላይ አሮጌ እንስራ ወይም ገንቦ ይደፋል። ይህ የሚደረገው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ዝናቡ በምሰሶው በኩል ወርዶ እንጨቱን እንዳያበሰብሰው ነው። ሣር ቤት ግን የጭስ ማውጫ የለውም። ጭሱ በሣሩ መሐል እየተጣራ ይወጣል። ለሣሩም ይጠቅመዋል፤ ተባይ ያርቅለታል። ለሰው ዐይንና ለሰው ሳንባ ግን አይጠቅምም።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማይቱም የተቆረቆረችው ያን ጊዜ ነው። የቆርቆሮ ጣራ በከተማው ከተለመደ በኋላ ወደ ገጠሩም ወጣ። ቆርቆሮ ጥሩ ነው፤ በየጊዜው ክደኑኝ አይልም። ነገር ግን እንደ ሣር ጭስ አያሳልፍም። ጭሱ ከቆርቆሮው ሥር ይጠራቀምና ተመልሶ ወደ ታች ይወርዳል። እንጀራ የምትጋግር እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ይስቡታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እንደ ሞቱ ይገምታል። እንግዲህ ከምድጃው ላይ ተነሥቶ ጣራውን አልፎ የሚወጣ የቆርቆሮ ቱቦ ማቆም የቅንጦት ሥራ አይደለም።

አንዳንድ ሰው፣ «አቦ፣ ድሬዳዋ እኮ በረሃ ናት! ምን ዝናብ አለና ነው ክዳን የምትሉት?» ይላል። እውነት ነው፣ ዝናቡ ብዙ አይደለም። በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አመጣጡ ግን ክፉ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ አንድ ጊዜ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ ሌላ ጊዜ፣ ከነፋስ ጋር በድንገት ይወርዳል። ዝናብ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ደቻቱን ነው። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በሌሊት የሞላው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ያን የመሰለ ጎርፍ የጭስ ማውጫ ክዳን አይመልሰውም። እዚህ ላይ የምንናገረው ስለ ጠብታ ነው። ጠብታም ቢሆን ቤት ያፈርሳል፤ ልዩነቱ ጊዜ መውሰዱ ነው።

ክዳን በሌለው ቱቦ የገባ ውሃ መጀመሪያ ጥቀርሻውን ያጥባል። ጥቀርሻና ውሃ ሲደባለቁ ቆርቆሮ የሚበላ ጥቁር ፈሳሽ ይሆናሉ። ስለዚህ ቱቦው ከውጭ ደኅና መስሎ ሳለ ከውስጥ ይዝጋል። ቀጥሎ ውሃው ምድጃው ላይ ይወርዳል። የጭቃ ምድጃ ከሆነ ይሟሟል። ማገዶን በግማሽ ያህል የሚቆጥበው «ምርጥ» የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃም ቢሆን ውሃ ጠጥቶ ሳይደርቅ እሳት ሲነድበት ይሰነጠቃል። ቀዝቃዛ ጠብታ የጋለ ምጣድ ላይ ካረፈ ምን እንደሚሆን ለእናቶች መንገር አያስፈልግም። ውሃው በቱቦው በስተውጭ ከወረደ ደግሞ ግድግዳውን ያገኛል። ጭድና ጭቃው ይለሰልሳል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ እርጥበት የሚወደው ምስጥም ይመጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ዝናቡ ሲያስቸግር አንዳንድ ሰው ጣራ ላይ ወጥቶ ቀዳዳውን በጆንያ ወይም በፌስታል ይደፍነዋል። ማታ ብርዱ ሲመጣ በሩ ይዘጋል፤ ከሰል ይቀጣጠላል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣል። ይህ መርዝ አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ያዞራል፣ ያስታውካል፣ ከዚያም እንቅልፍ ይመስላል። ስንቱ ቤተሰብ ተኝቶ ሳይነሣ ቀርቷል! ቀዳዳውን ፈጽሞ አትድፈኑ። ፌስታልና የተቀደደ ጀሪካንም ክዳን አይሆኑም፤ ሙቀት ያቀልጣቸዋል፣ ይነዳሉ። ዝናቡን ከልክሎ ጭሱን የሚያሳልፍ ነገር ነው የሚፈለገው።

እንዲህ ያለው ክዳን ቅርጹ የመሶብ ክዳን ይመስላል። በሦስት እግር ቆሞ ከቱቦው አፍ ከፍ ይላል። ውሃው በዙሪያው ይንሸራተታል፤ ጭሱ በእግሮቹ መሐል ይወጣል። ሁለት ልክ ያዙ። አንደኛ፣ የክዳኑ ስፋት የቱቦውን ስፋት እጥፍ ያህል ይሁን፤ ካነሰ በነፋስ የሚገፋ ዝናብ ይገባል። ሁለተኛ፣ በክዳኑና በቱቦው አፍ መካከል ያለው ክፍተት ከቱቦው ስፋት ግማሽ አይነስ። ቱቦው 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ክፍተቱ 8 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከዚያ ካነሰ ጭሱ መውጫ ያጣና ወደ ቤት ይመለሳል።

ክዳን ካለ ደግሞ መጠበቅ አለበት። በዓመት ሁለት ጊዜ ማየት ይበቃል፤ በየካቲት ከበልጉ ዝናብ በፊት፣ በሰኔም ከክረምቱ በፊት። ብርቱ ነፋስ ካለፈ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። ጣራ ላይ የሚወጣው እሳቱ ጠፍቶ ቱቦው ሲበርድ፣ በማለዳ ነው። የድሬዳዋ ፀሐይ በቀትር ቆርቆሮውን ምጣድ ታደርገዋለች። ስትራመዱ የሚስማሩን መስመር እየረገጣችሁ ሂዱ፤ ከሚስማሩ ሥር እንጨት አለ። መሐሉን የረገጠ ጣራውን ያጎብጣል፣ ምናልባትም ይወድቃል።

እላይ ስትደርሱ ክዳኑን በእጅ ነቅንቁት። ከተነቃነቀ የላላውን እግር አጥብቁ። ከሥሩ የተጋገረውን ጥቀርሻ ፍቃችሁ አውርዱ። እርጥብ እንጨት ወይም ያልደረቀ ገራባ የሚያነድ ቤት ጥቀርሻው ቶሎ ይበዛበታል፤ በየወሩ ማየት ይኖርበታል። ወፍ ጎጆ ሠርታም ሊሆን ይችላል። ወፍ እንዳትገባ ወንፊት ሽቦ የሚያስሩ አሉ፤ ቀዳዳው ጣት የማያስገባ ጠባብ ከሆነ በጥቀርሻ ይደፈናልና ሰፊውን ምረጡ። ዝገት ያለበትን ቦታ በሚስማር ጫፍ ጫን አድርጋችሁ ሞክሩት። ሚስማሩ ካልገባ ክዳኑ ገና ያገለግላል። ከገባ ግን መለጠፊያ አትፈልጉለት፤ ጊዜው አልፏል፣ ይለወጥ።

አዲስ ለማሠራት ወደ ቀፊራ ገበያ ስትወርዱ ቆርቆሮ የሚሠራ ሰው ጠይቁ። ራሳችሁም ልትሠሩት ትችላላችሁ። ልሙጥ ቆርቆሮ ግዙ። እዚህ ላይ ማንበብ መቻል ገንዘብ ያድናል። የቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ ይነገራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል። 28 ቁጥር ከ35 ቁጥር ይወፍራል። ብዙ ሰው ትልቁ ቁጥር የተሻለ ይመስለውና ስሱን ይዞ ይመለሳል። ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ፤ ነጋዴው እስኪነግራችሁ አትጠብቁ።

15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ቱቦ እንዲህ ይሠራል። ቆርቆሮው ላይ ሚስማር አቁሙና 18 ሳንቲ ሜትር ክር አስራችሁ ክብ ስመሩ። ክቡን ቁረጡ። ከዚያ ከጠርዙ እስከ መሐሉ አንድ ጊዜ ቅደዱት። የተቀደዱትን ሁለት ጠርዞች አራት ጣት ያህል ብታደራርቡ ክቡ ብድግ ብሎ ሾጠጥ ይላል። መደራረቢያውን በሪቬት ያዙት። ሦስት እግሮች፣ እያንዳንዳቸው 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው፣ ቁረጡና በአንዱ ጫፍ ከክዳኑ ጋር፣ በሌላው ከቱቦው ጋር በሪቬት አያይዙ። በእርሳስ ብየዳ ብቻ የተያዘ እግር ሙቀት ያላቅቀዋል። የቆርቆሮ ጠርዝ ስለት ነው፤ ጓንት ከሌለ እጃችሁን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉ።

ክዳኑ ደኅና ሆኖ ውሃ የሚገባበት ቤትም አለ። የሚገባው ቱቦው ጣራውን በሚበሳበት ዙሪያ ነው። ብዙዎች ይህን ክፍተት በሲሚንቶ ይደፍኑታል። በአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው እዚሁ ድሬዳዋ ነው፤ ሲሚንቶ ይጠላል ብሎ የሚያማን የለም። ነገር ግን ቱቦው ሲግል ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። ሲሚንቶው አብሮት አይለጠጥምና ይሰነጠቃል። የሚሻለው ለቱቦው የቆርቆሮ ቀሚስ ማልበስ ነው። የቀሚሱ የላይ ጠርዝ ከላይኛው የጣራ ቆርቆሮ ሥር ይግባ፣ የታች ጠርዙ ከታችኛው ቆርቆሮ ላይ ይተኛ። ተገልብጦ ከተሠራ ውሃውን እየሰበሰበ ወደ ቤት ያስገባል።

የሣር ጣራ ያላቸው ሰዎች ቱቦውን በሣሩ መሐል አያሳልፉ፤ የጋለ ብረትና ደረቅ ሣር ጎረቤት መሆን የለባቸውም። በጭቃው ግድግዳ በኩል አውጥተው ከክፈፉ አርቀው ያቁሙት።

አሮጌውን ክዳን ደግሞ ጓሮ ውስጥ አትወርውሩት። አፉን ወደ ላይ አድርጎ ከወደቀ ውሃ ይይዛል፤ ውሃ በያዘ ዕቃ ውስጥ ትንኝ ትፈለፈላለች። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. ቺኩንጉንያ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የወባ ወረርሽኝ ገብቶባታል። እነዚህን በሽታዎች ያመጡት ትንኞች በበርሜል፣ በጎማና በጣሳ ውስጥ በሚቀር ውሃ የሚራቡ ናቸው። የተበላሸውን ክዳን ረግጣችሁ ጠፍጥፉትና ለቁራሌው ስጡት።