የእንግሊዝኛን ግሥ በየጊዜው ስለ ማውረድ

በቅኔ ቤት የግዕዝን ግሥ ያወረደ ተማሪ እንግሊዝኛ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን የመጣ ይመስለዋል። ነገር ግን ቀተለ ብሎ ቀዳማዩን፥ ይቀትል ብሎ ካልዓዩን፥ ይቅትል ብሎ ዘንዱንና ትእዛዙን የለየ ሰው፥ ግሥ ማለት ድርጊትን ከነጊዜው የሚሸከም ቃል መሆኑን አስቀድሞ ዐውቋል። የሚቀረው እንግሊዝኛ ጊዜን የሚከፍልበትን ድንበር መማር ነው። ይህም ድንበር በአንዳንድ ስፍራ ከእኛው ጋር ይገጥማል፥ በሌላው ስፍራ ግን አይገጥምም።

ነገሩ የፈተና ወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ገዳም ሊሳለሙ ከሚመጡት ምእመናን መካከል ልጃቸው ወይም እኅታቸው በሳዑዲ ዐረቢያ ዋና ከተማ በሪያድ በሥራ ላይ ያለችባቸው አሉ። በዚያ ከተማ የመንግሥቱ ቋንቋ ዐረብኛ ነው፤ ይሁን እንጂ በሆስፒታልና በኩባንያ፥ ከፊሊፒንስና ከሕንድ ከመጣው ሠራተኛም ጋር መግባቢያው ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የአገሩ የሥራ ሕግ በ9ኛው አንቀጽ፥ ውል በዐረብኛ እንዲጻፍና ሌላ ቋንቋ አብሮ ቢጻፍ የሚጸናው ዐረብኛው እንዲሆን ያዛል። እንግሊዝኛው ዳኛ ፊት የሚያጸና ባይሆንም፥ ዐረብኛ የማታነብ ሠራተኛ የውሏን ነገር የምትረዳበት እርሱ ሊሆን ይችላል። በ2006 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ፥ መንፉሓ በተባለው የሪያድ ሰፈር ሁከት ተነሥቶ ነበር፤ ከዚያም በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከእነርሱም መካከል ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ የመጡ ብዙዎች ነበሩ። የደመወዝ ክርክር ደግሞ ‹ተከፈለኝ›፥ ‹ተከፍሎኛል›፥ ‹ይከፈለኛል› በሚሉት ቃላት መካከል የሚያልፍ ክርክር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው የቅርብ ኃላፊው ነው። ‹ሠርቻለሁ› የሚለውን ቃል ብንፈታው ‹ሠርቼ አለሁ› ይሆናል፤ ቦዝ አንቀጹ ‹አለ› ከሚለው ግሥ ጋር ተጣብቆ፥ ሥራው ቢያልፍም ነገሩ እስከ ዛሬ እንዳለ ይመሰክራል። እንግሊዝኛውም ‹አይ ሃቭ ወርክድ› ሲል፥ ‹ሃቭ› የተባለው ቃል በእኛ ‹አለኝ› የሚባለው ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና ሳይኖራቸው ለዚህ አሳብ እንዲህ ተቀራራቢ ቃል መምረጣቸው ያስደንቃል። ልዩነታቸው ግን እዚህ ላይ ነው። እኛ ‹በ2005 ዓ.ም. ወደ ሪያድ መጥቻለሁ› ብንል የሚነቅፈን የለም። እንግሊዝኛ ግን ያለቀ ዘመን በስሙ ከተጠራ ‹ሃቭ›ን አይቀበልም፤ ‹አይ ኬም› ማለት ግድ ነው።

ስለዚህ ‹አይ ወርክድ ሂር ፎር ስሪ ይርስ› ያለች ሴት ሦስት ዓመት ሠርታ ሥራውን እንደ ለቀቀች ትቈጠራለች። ‹አይ ሃቭ ወርክድ ሂር ፎር ስሪ ይርስ› ብትል ግን ዛሬም በሥራዋ ላይ እንዳለች ሰሚው ይረዳል። እንዲሁም ‹ዜይ ዲድ ኖት ፔይ ሚ› ብላ ብታቆም ሰሚው ‹መቼ?› ይላታል፤ ያለፈና የተዘጋ ነገር መስሎታልና። ‹ዜይ ሃቭ ኖት ፔይድ ሚ ሲንስ ጃንዩወሪ› ብትል ግን ዕዳው ከጥር ጀምሮ እስከዚህ ሰዓት ያልተዘጋ መሆኑ ታወቀ። ‹ሲንስ› መነሻውን፥ ‹ፎር› ርዝመቱን ይነግራል፤ ተማሪዎች እነዚህን ሁለቱን ማለዋወጥ ይወዳሉ።

ሁለተኛው ድንበር የትንቢት ነው። ግዕዙ ‹ይቀትል› ሲል፥ አማርኛውም ‹ይሠራል› ሲል፥ የዘወትሩንና የሚመጣውን ባንድ ቃል ይሸከማሉ። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። ‹ዱ ዩ ወርክ ኦን ፍራይዴይ?› ያለ ሰው ልማድን ጠየቀ፤ ‹ዊል ዩ ወርክ ኦን ፍራይዴይ?› ያለው ግን ስለሚመጣው ዓርብ ይጠይቃል፥ ምናልባትም ይለምናል። ዓርብ በዚያ አገር የሳምንቱ የዕረፍት ቀን ነውና፥ ሁለተኛውን እንደ ፊተኛው ሰምቶ ‹የስ› ያለ ሠራተኛ ሳያውቀው ዕረፍቱን ሰጠ። በዚህ ነገር ዐረብኛው ለእኛ የቀረበ ነው፤ ማዲ፥ ሙዳሪዕ፥ አምር የሚላቸው ከቀዳማይ፥ ከካልዓይና ከትእዛዝ ጋር ይነጻጸራሉ። ክታብ የሚለውን ቃል የሚያውቅ ሰው ‹ከተበ፥ የክቱቡ፥ ኡክቱብ› ሲባል ቢሰማ እንግድነት አይሰማውም።

በኃላፊ ቃል የአሁኑን የምንናገርባቸው ግሦችም አሉን። ራበኝ፥ ደከመኝ፥ ገባኝ፥ አመመኝ እንላለን፤ ረኃቡም ድካሙም ገና በላያችን ነው። ሕመምተኛ ለሐኪም ‹ኢት ኸርት› ቢለው፥ ሐኪሙ ሕመሙ እንዳለፈ ሊያስብ ይችላል፤ ‹ኢት ኸርትስ› ማለት ይገባል፤ አንዲቱ የ‹ስ› ድምፅ ትናንትን ከዛሬ ለየች። ተቀምጧል፥ ቆሟል፥ ለብሷል የምንለውንም እንግሊዝኛ በ‹ሃዝ› ሳይሆን በ‹ኢዝ› ይናገረዋል፤ ‹ሂ ኢዝ ሲቲንግ›። ከደጅ ሲወጡ ‹መጣሁ!› ማለትንስ ለእንግሊዝ ማን ያስረዳዋል? የሄደ ሰው እንዴት መጣ ይባላል!

ለመለማመድ የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ይበቃል። እንደ አርእስተ ግሡ ሁሉ ሦስቱን መልክ በዜማ ማውረድ ነው፤ ጎ፥ ዌንት፥ ጎን፤ ራይት፥ ሮውት፥ ሪተን፤ ፔይ፥ ፔይድ፥ ፔይድ። ከዚያ ሁለት ጓደኛሞች ይቀመጡና አንዱ የጊዜ ቃል ይጣል፥ ሁለተኛው ግሡን በዚያ ጊዜ ይመልስ። ‹የስተርዴይ› ሲለው ‹ሂ ፔይድ›፤ ‹ኤቭሪ መንዝ› ሲለው ‹ሂ ፔይስ›፤ ‹ቱሞሮው› ሲለው ‹ሂ ዊል ፔይ›፤ ‹ሲንስ ጃንዩወሪ› ሲለው ‹ሂ ሃዝ ፔይድ›። ዝርዝር ሸምድዶ ጊዜውን የማይለይ ተማሪ ብዙ ነውና፥ ከዜማው ይልቅ ይህ ጥያቄና መልስ ይበልጣል፤ ባንድ ሳምንት አንድ ግሥ ቢያዝም አያንስም።

እንደ ‹ፑት›ና ‹ከት› ያሉ ግሦች በሦስቱም መልክ አይለወጡም፤ ጊዜያቸው የሚታወቀው ከአጃቢያቸው ነው። ‹ሪድ› ግን በጽሕፈት ሦስቱም አንድ ሲሆኑ ሲነበቡ ሪድ፥ ሬድ፥ ሬድ ይባላሉ። ይህ እንግዳ የሆነበት ተማሪ ቢኖር ‹አለ› የሚለውን የራሱን ቃል ይጻፍ፤ ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፥ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው።